ግድግዳ መውጣት፦ ቪ2 ላይ ለቆመችው እህታችን

ጥያቄሽን ባጭሩ ልድገመው፦ ካዛንቺስ ትሠሪያለሽ፤ ከሥራ በኋላ በሳምንት ሁለት ቀን የቤት ውስጥ ግድግዳ ላይ ያለ ገመድ ትወጫለሽ፤ ቪ2 ላይ (የመስመር አስቸጋሪነት ደረጃ ነው፤ ቀጣዩ ቪ3 ይባላል) ከቆምሽ ስድስት ወር አልፏል፤ ፑልአፕ ብትጨምሪም ለውጥ የለም፤ አብሮሽ የሚወጣ ሰውም አጥተሻል። ሁለት ጥያቄ አድርገሽ ጻፍሽው እንጂ መልሱ አንድ ነው። ብቻውን የሚወጣ ሰው የገዛ እግሩን አያይም፤ ቪ2 ላይ ሰውን የሚያስቀረው ደግሞ ብዙ ጊዜ ክንድ ሳይሆን እግር ነው።

ፑልአፑን ለጊዜው ተይው። ጀማሪ መርገጫን የሚረግጠው በእግሩ መሀል ነው። እንደዚያ ሲረግጥ እግሩ መዞር ያቅተዋል፤ ዳሌው ወደ ውጭ ይወጣል፣ ክብደቱ ሁሉ ጣቶቹ ላይ ይንጠለጠላል። አንቺ በጫማው ጫፍ፣ በአውራ ጣትሽ ልክ ላይ ርገጪ። ያን ጊዜ እግርሽ እንደ በር ማጠፊያ ባለበት ይዞራል፣ ዳሌሽም ወደ ግድግዳው ይጠጋል። መለማመጃው ቀላል ነው፦ በደንብ የምትችያቸውን አራት መስመሮች (ከታች እስከ ላይ የተመረጡ መያዣዎችና መርገጫዎች) ምረጪና እያንዳንዱን ሁለት ሁለት ጊዜ ያለ ድምፅ ውጪ። ጫማሽ መርገጫው ላይ እስኪያርፍ ድረስ ዓይንሽን አትንቀይ። ኳ ካለ ወይም ካረፈ በኋላ ካስተካከልሽው ወርደሽ እንደገና ጀምሪ። በየቀጠሮው 15 ደቂቃ ይበቃል፤ ማሟሟቂያም ይሆንልሻል።

ቀጥሎ የክንድ ነገር። ወደ አንቺ ያዘነበለ ግድግዳ ላይ ክንድሽን አጥፈሽ ከቆየሽ በሰከንዶች ውስጥ ይዝላል። እግርሽን ስታስተካክዪ ክንድሽ ይዘርጋ። በቀኝ እጅሽ ሩቅ መያዣ ስትፈልጊ ቀኝ ዳሌሽን ወደ ግድግዳው አዙሪ፣ በቀኝ ጫማሽ የውጭ ጠርዝ ቁሚ፤ ስንዝር ያህል ቁመት ሲጨምርልሽ ታያለሽ። የያዝሽበት እጅና የቆምሽበት እግር በአንድ ወገን ሲሆኑ ሰውነትሽ እንደ በር ይከፈትና ትወድቂያለሽ። ያን ጊዜ ነፃውን እግር መርገጫ አትፈልጊለት፤ ወደ ተቃራኒው ወገን ዘርጊውና ሚዛን ይጠብቅልሽ። ቪ3ን የሚከፍተው በአብዛኛው ይኸው ነው።

የአንድ ሰዓት ተኩል ቀጠሮ ይህን ይምሰል፦ 30 ደቂቃ ማሟሟቂያና የእግር ልምምድ፣ 45 ደቂቃ ከባድ መስመሮች፣ የቀረው ቀላል መስመር። ከባዱ ላይ ሦስት ወይም አራት መስመር ብቻ ያዢ፤ በሙከራና በሙከራ መካከል ሦስት ደቂቃ ሙሉ ተቀመጪ። እንደ ወደቁ ወዲያው መነሣት ብርታት ይመስላል፤ ግን ደክመሽ የምትደጋግሚው ስሕተቱን ነው፣ ሰውነትሽም የሚለምደው ያንኑ ነው።

ጣቶችሽን አደራ። ጡንቻ በሳምንታት ይጠነክራል፤ ጅማት ግን ወራት፣ አንዳንዴም ዓመታት ይፈልጋል። ጣትሽ ግርጌ አካባቢ ጅማቱን ከአጥንቱ ጋር አጣብቆ የሚይዝ ቀለበት መሰል ነገር አለ፤ ኤ2 ፑሊ ይሉታል። ትንሽ መያዣን ጣትሽን አጥብቀሽ አጥፈሽ፣ አውራ ጣትሽን ከላይ ደርበሽ ስትይዢ ከፍተኛው ጫና የሚያርፈው እዚያ ላይ ነው። ብዙ ጊዜ የሚጎዳው የቀለበት ጣት ነው፤ «ጧ» የሚል ድምፅ፣ ከዚያም ጣቱ ሥር ሕመምና እብጠት ይመጣል። ያን ቀን እዚያው ማቆም ነው፤ ፕላስተር ጠቅልሎ መቀጠል ጉዳቱን ያባብሰዋል። በቻልሽው ሁሉ ጣትሽን ከፈት አድርገሽ ያዢ። ጣት ማንጠልጠያውን ሰሌዳ ቢያንስ ሁለት ዓመት ያለማቋረጥ ሳትወጪ አትንኪው። በሳምንት ሁለት ቀን ላይ ሦስተኛ ብትጨምሪ ጥሩ ነው፤ በመካከሉ ግን አንድ የዕረፍት ቀን ይኑር።

አወዳደቅም ይለመዳል። በሁለት እግርሽ እረፊ፣ ጉልበትሽን እጠፊ፣ ወደ ኋላ በጀርባሽ ተንከባለዪ፤ እጆችሽ ደረትሽ ላይ ይጣመሩ። እጅ ወደ ኋላ ተዘርግቶ መሬት ከተመታ የእጅ አንጓ ወይም ክርን ይሄዳል። ከመውጣትሽ በፊት በፍራሾቹ መካከል ክፍተት መኖሩን እዪ፤ ቁርጭምጭሚት የሚሰበረው እዚያ ውስጥ ነው። መብራት ከጠፋ አትዝለዪ፤ አጥብቀሽ ያዢ፣ ታች ያለው ሰው በስልኩ ያብራልሽ። አብሮ መውጣት አንዱ ጥቅሙ ይህ ነው።

እጅሽ በላብ እንዳያንሸራትት የምትቀቢው ፑደር ማግኒዚየም ካርቦኔት መሆን አለበት፤ ክብደት አንሺዎችና ጂምናስቲክ ሠሪዎች የሚጠቀሙበት ነው። የትምህርት ቤት ጠመኔ አይተካውም፣ ይባስ ያንሸራትታል። ጫማው ጣትሽ ጫፉን ነክቶ ትንሽ እጥፍ የሚልበት ይሁን፤ የሚያስለቅስ ጫማ ለቪ2 አያስፈልግም። ከውጭ ለሚመጣ ዘመድ ቁጥር ከመላክሽ በፊት እግርሽን አመሻሽ ላይ ለኪው፤ ጠዋት ላይ ያነሰ ነው። ዐቢይ ጾምን እስከ 9 ሰዓት የምትጾሚ ከሆነ በልተሽ ሁለት ሰዓት ያህል ቆይተሽ ውጪ፤ ሽሮው፣ ምስሩና ባቄላው ለጡንቻሽ በቂ ነው፣ ውኃ ግን አትርሺ።

አሁን ወደ ሰው። ግድግዳው ሥር ቆሞ ጓደኛ መጠበቅ አዲስ አበባ ላይ አይሠራም፤ ግድግዳ የሚወጣው ሰው ጥቂት ነው፣ የሚመጣበትም ሰዓት የተለያየ ነው። የሚሠራው ቋሚ ቀንና ቋሚ ሰዓት ነው፦ ለምሳሌ ማክሰኞና ሐሙስ ከ11:30 እስከ 1:30፣ ሰው ቢመጣም ባይመጣም። «ስንመቻች እንደዋወል» ያለ ቡድን ሁለት ወር አይቆይም። ሰው የምታገኚውም ግድግዳ የሚያውቁት ዘንድ ብቻ አይደለም፤ ሰርከስ የሚሠሩ፣ ጂምናስቲክ የሚለማመዱ፣ ቅዳሜ ማለዳ እንጦጦ የሚወጡ፣ የአራት ኪሎ ካምፓስ ተማሪዎች ሰውነታቸውን መምራት ስለሚያውቁ ቶሎ ይለምዱታል። ከስታዲየም፣ ከለገሃር ወይም ከአራት ኪሎ በአንድ ታክሲ የሚደረስ ቦታ ምረጪ፤ ሁለት ታክሲ የሚያስይዝ ከሆነ ዝናብ ሲመጣ ሰዉ ይቀራል። ሲመሽ አብራችሁ ሂዱ።

አራት ወይም አምስት ሰው በቂ ነው። አንዱ ሲወጣ አንዱ እግሩን ብቻ ይይ፣ ሌላው ከጎን በስልክ ይቅረጽ። መፍትሔውን ሳይጠየቅ የሚጮህ ሰው የሌላውን ትምህርት ይወስዳል፤ ይህን ከመጀመሪያው ቀን ተስማሙበት። መያዣው ለወራት የማይቀየር ትንሽ ግድግዳ ቢሆንም የመጨመር ጨዋታ አያሰለችም፦ የመጀመሪያው ሰው ሦስት እንቅስቃሴ ይሠራል፣ ቀጣዩ ያንን ደግሞ አንድ ይጨምራል፣ ያልቻለ ከጨዋታው ይወጣል። ረጅሙ የሚጨምረው ለአጭሯ አይመችም፣ እሷ የምትጨምረው እሱን ያስጨንቀዋል፤ ሁለቱም ከለመዱት አካሄድ የሚወጡት በዚህ ነው። ለጫማ ደግሞ ዕቁብ ጣሉ። በየወሩ ዕጣ የወጣለት ይገዛል፣ ዕቁብ ያለበት ሰውም ቀጠሮ አይቀርም።

ቡድኑ ከጸና የራሳችሁን የመውጫ ሰሌዳ መሥራት ትችላላችሁ። 18 ሚሊ ሜትር ኮምፔርሳቶ ሁለት፣ በየ20 ሴንቲ ሜትሩ ቀዳዳ፣ 10 ሚሊ ብሎን፣ ከጀርባ የሚመታ ባለጥርስ ዳዶ። ዳዶው ከፊት ከተመታ ብሎኑ ሲጠብቅ ተነቅሎ ይመጣል። ከቀጥታው 30 ዲግሪ ያህል አዘንብሉት፤ በራሱ እግር የቆመ ይሁን እንጂ ብሎኬት ግድግዳ ላይ አትሰሩት፣ ውስጡ ክፍት ስለሆነ ማሠሪያው ይነቀላል። መያዣውን ከዋንዛ ጠርቡ፣ ጠርዙን አለስልሱ፣ ቫርኒሽ አትቀቡት። ታች ለስላሳ ስፖንጅ፣ ላዩ ላይ ጠንካራው ይነጠፍ፤ ለስላሳ ብቻ ከሆነ እግር እስከ ወለሉ ይሰምጣል።

ገመድ የሚያማልላችሁ ቀን ሲመጣ ከመርካቶ የሚገዛ የናይለን ገመድ እንዳታስቡ። የመውጫ ገመድ የሚለጠጥና የወደቀን ሰው ቀስ አድርጎ የሚይዝ ነው፤ ሌላው በድንገት ያስቆምና ወገብ ይሰብራል። ቋጠሮውንና አያያዙን ከሠለጠነ ሰው በአካል ተማሩ፤ በቪዲዮ የሚለመድ አይደለም።

የሚመችሽን ሁለት ቀንና ሰዓት፣ የምትነሺበትንም ሰፈር እዚሁ ሥር ጻፊ። ከካዛንቺስና ከአራት ኪሎ የምትነሡ ሌሎቻችሁም ሰዓታችሁን አስቀምጡላት።