ሁሉም ሰርቪሶች በአንዴ ሪስታርት ሲያደርጉ

ጥያቄ፦ ጤና ይስጥልኝ። የምንሠራው ጅማ፣ ሄርማታ ሆነን ነው። የቡና መረከቢያ ጣቢያዎች የሚገለገሉበት ሲስተም አለን፤ ሚዛን፣ ዋጋ፣ ክፍያና ማሳወቂያ የሚባሉ አራት የስፕሪንግ ቡት (የጃቫ ማዕቀፍ) ሰርቪሶች፣ እያንዳንዳቸው በሦስት ኮፒ፣ ክላውድ ላይ በተከራየነው ኩበርኔቲስ (ኮንቴይነር የሚባሉ ለየብቻ የታሸጉ ፕሮግራሞችን የሚያስነሳና የሚቆጣጠር ሲስተም) ይሠራሉ። ከፊታቸው ጥያቄ ተቀብሎ የሚያስተላልፍ ኤንጂንኤክስ፣ ከኋላቸው አንድ ፖስትግሬስ ዳታቤዝ አለ። ማታ ማታ አስረካቢው ሲበዛ፣ በተለይ መብራት ሄዶ ሲመለስ፣ ሁሉም በአንዴ ሪስታርት ያደርጋሉ፤ ከዚያ አሥር ደቂቃ ያህል የሚነሳ የለም። አዲስ ቨርዥን ስንጭን ደግሞ 502 የሚባለው ስህተት (ኤንጂንኤክስ ከኋላው ካለው ሰርቪስ ትክክለኛ መልስ ሲያጣ የሚመልሰው) ይበዛል። አንዳንዴም እዚህ ሁሉም አረንጓዴ ሆኖ እያየነው ጣቢያዎቹ «አይገባም» ይላሉ። ኩበርኔቲስ ለሚያደርጋቸው ሁለት የጤና ምርመራዎች (ፕሮቦች)፣ ለላይቭነስም ለሬዲነስም፣ የአክቹዌተርን (የስፕሪንግ ቡት መከታተያ ክፍል) ሄልዝ ሰጥተናል፤ ሰርቪሶቹ ለመነሳት 50 ሰከንድ ስለሚፈጅባቸው ኢኒሻል ዲሌይን (ከመጀመሪያው ምርመራ በፊት የሚጠበቀውን ጊዜ) 60 አድርገን ሌላውን በዲፎልት ተውነው። ሰርቪሶቹን ሁሉ ሄድለስ (የራሳቸው አይፒ የሌላቸው) አድርገናቸዋል፤ ዋጋን ሌሎቹ በጂአርፒሲ (የሰርቪሶች መነጋገሪያ ፕሮቶኮል) ይጠሩታል። ዩሬካ (የሰርቪሶችን አድራሻ የሚመዘግብ ሰርቨር) ብንጨምር ይሻላል?

መልስ፦ ዩሬካን ለጊዜው ተዉት። ዋናው ችግር ሰርቪሶቹ መፈላለግ ስላቃታቸው የመጣ አይደለም፤ ለሁለት የተለያዩ ጥያቄዎች አንድ መልስ ስለሰጣችሁ ነው።

ላይቭነስ የሚጠይቀው «አለህ?» ብሎ ነው። መልስ ካጣ ኮንቴይነሩን ገድሎ እንደገና ያስነሳዋል። ሬዲነስ የሚጠይቀው «ሥራ ልላክልህ?» ብሎ ነው። «አይ» ከተባለ አይገድልም፤ ኮፒውን ከአድራሻ ዝርዝሩ አውጥቶ ያቆየውና ሲሻለው ይመልሰዋል። የአክቹዌተር ሙሉው ሄልዝ ግን ዳታቤዙንም ጨምሮ ይመረምራል። ስለዚህ ሰርቪሳችሁ «አለህ?» ሲባል «ፖስትግሬስ አሞታል» እያለ ይመልሳል፤ ኩበርኔቲስም ፖስትግሬስን ትቶ መላሹን ይገድላል። የዘገየ ዳታቤዝ ደግሞ ሌላው ሪስታርት ስላደረገ አይፈጥንም።

ግምት እንዳይሆንባችሁ መጀመሪያ አረጋግጡ። ችግሩ እንደተፈጠረ ኩብሲቲኤል ዲስክራይብ ፖድ ብላችሁ (ፖድ ኩበርኔቲስ ኮንቴይነሩን የሚያስነሳበት አሃድ ነው፤ እያንዳንዱ ኮፒ አንድ ፖድ ነው) ከታች ኢቨንትስ የሚለውን ተመልከቱ፤ «ላይቭነስ ፕሮብ ፌይልድ» የሚል መስመር ይኖራል። ኢቨንት በዲፎልት የሚቀመጠው ለ1 ሰዓት ብቻ ስለሆነ የማታውን ጠዋት ብትፈልጉት አታገኙትም። ላስት ስቴት ከሚለው ሥር ኤግዚት ኮዱን እዩ፤ 143 ከሆነ ውጣ ተብሎ ወጥቷል፣ 137 ከሆነ በግድ ተገድሏል። 137 ሆኖ ምክንያቱ ኦኦኤም ኪልድ ከተባለ ግን ጉዳዩ የሚሞሪ ነውና መፍትሔውም ሌላ ነው።

አሁን የማታውን ግርግር በቁጥር እንየው። የስፕሪንግ ቡት የኮኔክሽን ፑል (ወደ ዳታቤዙ ተከፍተው የሚቆዩ መስመሮች ስብስብ) ሂካሪ የሚባለው ነው፤ ዲፎልቱ 10 ኮኔክሽን ነው፣ ሥራ ባይኖርም አሥሩንም ከፍቶ ይይዛል። አራት ሰርቪስ በሦስት ኮፒ 12 ነው፤ 120 ኮኔክሽን ይፈልጋል። ፖስትግሬስ ደግሞ በዲፎልት የሚፈቅደው 100 ሲሆን ከዚያ ላይ 3 ለሱፐርዩዘር የተቀመጠ ነው። ማለትም በደኅናው ቀንም ከልክ በላይ ናችሁ፤ ሂካሪ ባገኘው ያህል እየሠራ ስለሚቆይ አልታወቃችሁም እንጂ።

መብራት ሲመለስ ጣቢያዎቹ ሁሉ ያጠራቀሙትን ሚዛን በአንድ ደቂቃ ውስጥ ይልካሉ። ፑሉ ይሞላል። የሄልዝ ቼኩ የዳታቤዝ ምርመራም ከዚያው ፑል አንድ ኮኔክሽን መውሰድ ስላለበት ወረፋ ይይዛል፤ ሂካሪ እስከ 30 ሰከንድ ያስጠብቀዋል። የፕሮቡ ታይምአውት ግን በዲፎልት 1 ሰከንድ ነው። በየ10 ሰከንዱ ሦስት ጊዜ ከወደቀ በግማሽ ደቂቃ ውስጥ ይገደላል። የሁሉም ዳታቤዝ አንድ ስለሆነ አሥራ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

መነሻው ላይ ሌላ ጣጣ ይጠብቃቸዋል። ጃቫ ሲነሳ ሲፒዩ ይበላል፤ አሥራ ሁለት ኮፒ በጥቂት ማሽኖች ላይ አብሮ ሲነሳ 50 የነበረው ሰከንድ 100 ሊያልፍ ይችላል። እናንተ 60 ሰከንድ ብቻ ታግሳችሁ በ60ኛው፣ በ70ኛውና በ80ኛው ትጠይቁታላችሁ፤ ሳይነሳ ይገደላል። ቀድመው የተነሱት ኮኔክሽኑን ስለጨረሱትም የመጨረሻዎቹ «ቱ ሜኒ ክላየንትስ» ተብለው ይወድቃሉ። ኩበርኔቲስ በበኩሉ ደጋግሞ የወደቀን ኮንቴይነር 10፣ 20፣ 40፣ 80፣ 160 ሰከንድ እያለ፣ እስከ 300 ድረስ፣ እያስጠበቀ ነው የሚያስነሳው። አሥሯ ደቂቃ የምትመጣው ከዚህ ነው።

ዛሬውኑ የሚስተካከለው ላይቭነስ ነው። ከስፕሪንግ ቡት 2.3 ጀምሮ አክቹዌተር ሄልዝ ሥር ላይቭነስና ሬዲነስ የሚባሉ ሁለት መንገዶች አሉት፤ ሁለቱም ሳታዝዟቸው ዳታቤዝ አይጠይቁም። ላይቭነስን ወደ ላይቭነሱ፣ ሬዲነስን ወደ ሬዲነሱ አዙሩ። ኢኒሻል ዲሌዩን አንሱና በምትኩ ስታርትአፕ ፕሮብ ጨምሩ፤ ፒሪየድ (በየስንት ሰከንዱ እንደሚጠየቅ) 5፣ ፌይለር ትሬሾልድ (ስንት ጊዜ ሲወድቅ እርምጃ እንደሚወሰድ) 30፣ ይኼ 150 ሰከንድ ይሰጣል። ስታርትአፕ እስኪያልፍ ድረስ ሌሎቹ ፕሮቦች አይጀምሩም፤ በ50 ሰከንድ የተነሳው ደግሞ 150 እስኪሞላ አይጠብቅም። ላይቭነስን ፒሪየድ 10፣ ታይምአውት 3፣ ፌይለር 6 አድርጉት፤ አንድ ደቂቃ ሙሉ ካልመለሰ በእውነት ተቆልፏል ማለት ነው። ሬዲነስን ፈጠን አድርጉት፤ ፒሪየድ 5፣ ታይምአውት 2፣ ፌይለር 2። ከመጥፎ ላይቭነስ ጨርሶ ባይኖር ይሻላል፤ ፕሮሰሱ ራሱ ሲወድቅ ኩበርኔቲስ ያለ ፕሮብም ያስነሳዋል።

ዳታቤዙን ሬዲነስ ውስጥ ማስገባት ያከራክራል። በእናንተ አሠራር አታስገቡት። ዳታቤዙ የሁሉም ስለሆነ ሲዘገይ ሁሉም ኮፒዎች አብረው ከዝርዝሩ ይወጣሉ፤ ጣቢያው «ዳታቤዝ ስለዘገየ ቆይተህ ሞክር» የሚል መልስ በማግኘት ፈንታ ባዶ ግድግዳ ይገጥመዋል። ሬዲነስ የሚመልሰው የዚህን ኮፒ የራሱን ነገር ብቻ ይሁን፤ የዕለቱን ዋጋ ሰንጠረዥ ጭኗል ወይ፣ ጥያቄ መቀበል ጀምሯል ወይ። የሌላን ሰርቪስ ጤናማነትማ በምንም መንገድ እዚህ አታስገቡ። ሚዛን ክፍያን፣ ክፍያ ማሳወቂያን እየጠየቀ ከተሰለፈ፣ ኤስኤምኤስ ባለመላኩ የገበሬው ቀይ እሸት ሳይመዘን ያድራል።

ፑሉን ወደ 5 ዝቅ አድርጉ። ቨርዥን ሲቀየር ለሦስት ኮፒ አንድ ትርፍ ስለሚነሳ የምትቆጥሩት በ4 ነው፤ 4 ሰርቪስ፣ 4 ኮፒ፣ 5 ኮኔክሽን፣ 80 ይሆናል። ለማይግሬሽን (የዳታቤዙን አወቃቀር ለመለወጥ) እና ለእናንተ መግቢያ 17 ይተርፋል። አምስት ያንሳል የሚል ሰው መኖሩ አይቀርም። አንድ ኩዌሪ 20 ሚሊሰከንድ ከፈጀ አንድ ኮኔክሽን በሰከንድ 50 ያስተናግዳል፤ ለሦስቱ የሚዛን ኮፒዎች 750 ማለት ነው። ለዚህ የማይበቃ ከሆነ የሚመረመረው ኩዌሪው ነው።

የጣቢያዎቹን ፕሮግራምም እዩት። መስመር ሲመለስ ሁሉም በእኩል ሰከንድ መላክ የለባቸውም፤ 1፣ 2፣ 4፣ 8 እያለ እስከ 30 ሰከንድ የሚጠብቅና በእያንዳንዱ ላይ የዘፈቀደ ጭማሪ ያለው ሙከራ ይሁን። ለእያንዳንዱ ሚዛን መለያ ቁጥር የሚሰጠው እዚያው ጣቢያው ላይ ሆኖ ዳታቤዙ ላይ ዩኒክ መሆን አለበት። አለበለዚያ ድጋሚ የተላከ አንድ ፈረሱላ ሁለት ጊዜ ይከፈልበታል።

502ው ሁለት ምንጭ አለው። አንደኛው አወጣጡ ነው። ፖድ ሲሰረዝ «ውጣ» የሚለው ምልክትና ከአድራሻ ዝርዝሩ መሰረዙ ጎን ለጎን ነው የሚሄዱት፤ አንዱ ሌላውን አይጠብቅም። ሰርቪሱ በሩን ዘግቶ ሳለ ዝርዝሩ ገና ያልደረሰው ወገን ጥያቄ ይልክለታል። ስለዚህ ፕሪስቶፕ (ኮንቴይነሩ ከመውጣቱ በፊት የሚሠራ ትእዛዝ) ላይ 10 ሰከንድ እንዲተኛ አድርጉት፤ እስከዚያ ጥያቄ እየተቀበለ ይቆያል። ኢሜጃችሁ (ኮንቴይነሩ የሚነሳበት ጥቅል) ሼል ከሌለው ስሊፕ የሚለው ትእዛዝ አይሠራም፤ ኩበርኔቲስ ከ1.30 ጀምሮ ግን የራሱ ስሊፕ አለው። የስፕሪንግን ሰርቨር ሸትዳውን ግሬስፉል በሉት፤ ከ3.4 ወዲህ ዲፎልቱ ይኸው ነው። እዚህ ላይ የምትረሳ ሒሳብ አለች። ስፕሪንግ የያዘውን እስኪጨርስ በዲፎልት 30 ሰከንድ ይሰጣል፤ ኩበርኔቲስም ጠቅላላ የሚሰጠው 30 ነው፣ የፕሪስቶፑ 10 ደግሞ ከዚያው ይቆረጣል። የስፕሪንጉን 20፣ የኩበርኔቲሱን ተርሚኔሽን ግሬስ ፒሪየድ 45 አድርጉ።

ሁለተኛው ምንጭ የሰርቪስ ዲስከቨሪ (ሰርቪሶች የሚፈላለጉበት መንገድ) ነው፤ ዩሬካን ያሳሰባችሁም ይኼ ሳይሆን አይቀርም። ሄድለስ ሰርቪስ የራሱ አይፒ የለውም፤ ዲኤንኤስ ሲጠየቅ የፖዶቹን አይፒ በቀጥታ ይሰጣል። ኤንጂንኤክስ ደግሞ ፕሮክሲ ፓስ (ጥያቄውን ወዴት እንደሚያስተላልፍ የሚጻፍበት መስመር) ላይ የተጻፈን ስም የሚፈታው ሲነሳ ወይም ሪሎድ ሲደረግ ነው፤ ከዚያ በኋላ ያገኘውን አድራሻ ይዞ ይኖራል። ቨርዥን ስትቀይሩ ፖዶቹ አዲስ አይፒ ያገኛሉ፤ ኤንጂንኤክስ በአሮጌው አድራሻ ያንኳኳል። ሪሎድ ስታደርጉት ወዲያው የሚሻለው ከሆነ ምክንያቱ ይኸው ነው።

መፍትሔው ለኤንጂንኤክስ ተራ ሰርቪስ መስጠት ነው። ተራ ሰርቪስ የማይለወጥ አይፒ አለው፤ ከኋላው ያሉትን ፖዶች ኩበርኔቲስ ራሱ ይቀያይራል። ነገር ግን ያለውን ሄድለስ አርማችሁ ተራ ማድረግ አትችሉም፤ ክላስተር አይፒ የሚለው መስክ አንዴ ከተጻፈ አይነካም። ሰርዞ መፍጠርም በሥራ ሰዓት ያስቸግራል። በሌላ ስም፣ በዚያው ሰሌክተር (ፖዶቹን የሚመርጥ መለያ)፣ አዲስ ሰርቪስ ፍጠሩ፤ ኤንጂንኤክስን ወደ እሱ አዙራችሁ ሪሎድ አድርጉ፤ አሮጌውን በማግስቱ ሰርዙ።

ዋጋን ግን ሄድለስ እንደሆነ ተዉት። ጂአርፒሲ አንድ ኮኔክሽን ከፍቶ በዚያው ይከርማል፤ ተራው ሰርቪስ የሚያከፋፍለው ኮኔክሽን እንጂ ጥያቄ ስላልሆነ አንዱ ኮፒ ይጨናነቃል፣ ሁለቱ ሥራ ፈት ይሆናሉ። ሄድለስ ከሆነና ክላየንቱ ላይ ራውንድ ሮቢን (በተራ ማከፋፈል) ካበራችሁ ለሦስቱም ይደርሳል። አራተኛ ኮፒ ብትጨምሩ ግን ነባሮቹ ኮኔክሽኖች እስኪቋረጡ ክላየንቱ አያውቀውም፤ ሰርቨሩ ላይ ማክስ ኮኔክሽን ኤጅን (የአንድ ኮኔክሽን ከፍተኛ ዕድሜ) 5 ደቂቃ አድርጉ።

ዩሬካ ቢመጣ ይህን አያፋጥነውም። «አለሁ» የሚለው ምልክት የሚላከው በየ30 ሰከንዱ ነው፤ ሳይሰናበት የሞተን ኮፒ ከዝርዝር ለማውጣት 90 ሰከንድ ይጠብቃል፤ ክላየንቱም ዝርዝሩን የሚያድሰው በየ30 ሰከንዱ ነው። በዚያ ላይ ማን አለ ማን የለም የሚል ሁለት መዝገብ ይኖራችኋል፤ ሁለቱ ሲጣሉ የሚያስታርቁት እናንተ ናችሁ።

«ሁሉም አረንጓዴ ነው፣ ጣቢያው አይገባም» ላላችሁት፦ ፕሮቡን የሚጠይቀው ኩብሌት የሚባለው የኩበርኔቲስ ፕሮግራም ፖዱ ያለበት ማሽን ላይ የተቀመጠ ነው። ከጅማ እስከ ክላውዱ ስላለው መንገድ፣ ስለ ኤንጂንኤክስም ሆነ ስለ ሰርተፍኬቱ አንዳች አያውቅም። ውጪያዊ ምርመራ ያስፈልጋችኋል። ጅማ ቢሯችሁ ካለ አንድ ማሽን በየደቂቃው በሕዝብ አድራሻው በኩል ሚዛን ሰርቪስን ይጠይቅ፤ ሌላ ከተማ ወይም ሌላ ክላውድ ላይ ያለ ሁለተኛም እንዲሁ ያድርግ። የጅማው ብቻ ከወደቀ ነገሩ የመስመር ወይም የመብራት ነው፤ ሁለቱም ከወደቁ የእናንተ ነው። ለጅማው ማሽንና ለራውተሩ ዩፒኤስ አድርጉላቸው፤ ያለዚያ መብራት በሄደ ቁጥር መርማሪው ራሱ ዝም ይላል።

በለቀማው ወራት ሁሉንም በአንድ ሌሊት አትንኩ። በመጀመሪያው ቀን ፕሮቦቹንና ፑሉን፣ ቀጥሎ የአወጣጡን ሰዓት፣ ከዚያ ኤንጂንኤክስን። ከእያንዳንዱ በኋላ በሙከራው ክላስተር ላይ ሁለት ነገር ሞክሩ። አንደኛ፣ ሚዛንን በሰከንድ 10 ጊዜ እየጠየቃችሁ ሮልአውት ሪስታርት (ኮፒዎቹን ተራ በተራ በአዲስ መተካት) አድርጉና 502 ቁጠሩ፤ ኤንጂንኤክሱ ሲያልቅ ዜሮ መሆን አለበት። ሁለተኛ፣ ፖስትግሬስን ለ3 ደቂቃ ዝጉና ጌት ፖድስ ላይ ሪስታርትስ የሚለውን ዓምድ ተመልከቱ። ጥያቄዎች ስህተት መመለሳቸው የሚጠበቅ ነው፤ የዓምዱ ቁጥር ግን መነቃነቅ የለበትም። የአንዱ ሰርቪስ ብቻ ከጨመረ አሮጌውን የሄልዝ መንገድ ይዞ ቀርቷል፤ ብዙ ጊዜ የሚረሳው ማኒፌስቱ (የኩበርኔቲስ ቅንብር ፋይሉ) ከሌሎቹ ተለይቶ ሌላ ሪፖ ውስጥ የተቀመጠው ነው።