ካይሮፕራክቲክ አስተማሪ መሆን ለጠየቅሽው
እህቴ፣ «ከደብረ ማርቆስ ተነስቼ ካይሮፕራክቲክ ተምሬ ማስተማርና መመራመር እችላለሁ ወይ?» ላልሽው፦ ትችያለሽ፣ መንገዱ ግን ረጅም ነው። ሙያው፣ ማለትም አከርካሪንና መገጣጠሚያን በእጅ እየተጫኑ ማከም፣ በ1895 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ በዲ. ዲ. ፓልመር ተጀመረ፤ ከአህጉራችን ደቡብ አፍሪካ፣ ደርባንና ጆሃንስበርግ ላይ በዩኒቨርሲቲ ይሰጣል። እኔ ብሆን ጎንደር ዩኒቨርሲቲ በፊዚዮቴራፒ (በአካል እንቅስቃሴና በእጅ በሚሰጥ ሕክምና) እጀምራለሁ።

ማስተማሩ የእጅ ነገር ነው። ተማሪው አውራ ጣቱን አከርካሪ ላይ ሲያሳርፍ፣ እጅሽን ደርበሽበት የግፊቱን ልክ ታሳዪዋለሽ።

ለምርምር ርዕስ ሩቅ አትሂጂ። አባቶቻችን ጎንበስ ብለው ጤፍ ሲያጭዱ ይውሉና ማታ ወገባቸውን ይዘው ይቀመጣሉ፤ ብዙዎቹ መጀመሪያ የሚሄዱት ወጌሻ ዘንድ ነው። ወጌሻው እንዴት እንደሚያሽ፣ መቼ እንደሚጠቅም፣ መቼ እንደሚጎዳ ቁጭ ብለሽ መዝግቢ። ይህን በወጉ የሚጽፍልን ሰው በጣም ያስፈልገናል።