ጥብቅ የእምነት ማኅበር ለምን አባል አያጣም?

ጥያቄ፦ ዋጋ ሲጨምር ፈላጊ ይቀንሳል ይባላል። ታዲያ አለባበስን፣ ምግብንና ውሎን ሳይቀር የሚቆጣጠሩ የእምነት ማኅበራት ከላላዎቹ ይልቅ የሚጠነክሩት ለምንድን ነው?

መልስ፦ የምጣኔ ሀብት ምሁሩ ላውረንስ ያናኮኒ በ1992 እ.ኤ.አ. ያቀረበው ማብራሪያ እኛን ከሁሉ ያሳምነናል። በቁጥር እንየው። 10 አባላት አሉ፤ እያንዳንዳቸው በሳምንት 10 ትርፍ ሰዓት አላቸው። ለማኅበሩ የተሰጠ አንድ ሰዓት፣ ዝማሬም ይሁን የታመመ መጠየቅ፣ 3 ነጥብ ጥቅም ያስገኛል እንበል። ለአሥሩ ሲካፈል ለሰጪው የሚደርሰው 0.3 ነው። ያው ሰዓት ውጭ ቢውል 1 ነጥብ ለብቻው ያገኝበታል። ሁሉም ከሰጡ ለእያንዳንዱ 30 ይደርሰዋል፤ ዘጠኙ ሰጥተው አንዱ ቢቀር ግን የቀረው ከማኅበሩ 27፣ ከውጭ 10፣ በድምሩ 37 ያገኛል። ይህን ሁሉም ስለሚያውቅ ሁሉም ይቀራል፤ የእያንዳንዱም ድርሻ 10 ላይ ይቆማል።

ክልከላ የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። የውጭውን ሰዓት ከ1 ወደ 0.2 ካወረደው፣ የቀረው ሰው የሚያገኘው 29 ይሆናል፤ መስጠት ይሻለዋል። ሳያዋጣ ለመካፈል የመጣው ደግሞ ደጃፍ ላይ ይመለሳል። ክፍያ መጣል አይቀልም ወይ? ገንዘብ ይቆጠራል፤ ከልብ መዘመር ግን በምን ይለካል?

የሚከሽፈው ማኅበሩ ሊተካው የማይችለውን ሲከለክል ነው። ጭፈራ ቤትን ከልክሎ ጓደኛ መስጠት ይቻላል፤ ሕክምናን ከልክሎ ግን ምን ይሰጣል? ውጭ ጥሩ ደመወዝ የሚጠብቃቸውም ቀድመው ይወጣሉ።

ስሌቱ ግን ሁሉን አይፈታም። ተመራማሪዎቹ ሪቻርድ ሶሲስና ኤሪክ ብሬስለር በ2003 እ.ኤ.አ. በ19ኛው ክፍለ ዘመን አሜሪካ የነበሩ 83 የጋራ ኑሮ ማኅበራትን አነጻጽረው ነበር። ግዴታ የበዛባቸው ሃይማኖታዊዎቹ ረዥም ዕድሜ ቆይተዋል፤ ዓለማዊዎቹን ግን ግዴታ ማብዛቱ አላቆያቸውም።

ጥያቄ፦ የወዲያኛው ዓለም ዋጋስ በስሌት ይገባል?

መልስ፦ የምጣኔ ሀብት ምሁራኑ ኮሪ አዚ እና ሮናልድ ኤረንበርግ በ1975 እ.ኤ.አ. አስገብተውታል፦ ሰው ጊዜውን ለዚህኛውና ለወዲያኛው ዓለም ያከፋፍላል። በዚህ አካሄድ፣ ዕድሜ ሲገፋ አምልኮ ይበዛል፤ የሰዓት ደመወዙ ያደገ ሰው ደግሞ በጊዜው ፋንታ ገንዘብ መስጠት ይቀለዋል። ችግሩ ዋስትናው ላይ ነው፤ ሽልማቱን ተቀብሎ የተመለሰ ምስክር አይቀርብም። ስለዚህ አማኙ የሰባኪውን ኑሮ ያያል፦ በስብከቱ የከበረው ይጠረጠራል፣ ብዙ የተወው ይታመናል።