«ማዕድን» ጉድጓዱ ነው ወይስ ድንጋዩ?

ጥያቄ፦ «የምህንድስናን ታሪክ የሚያወሳ ጽሑፍ ወደ አማርኛ እየመለስኩ ነው። ርዕሱን ‹የማዕድን፣ የብረታ ብረትና የነዳጅ ምህንድስና ዕድገት› አልኩት። አርታኢዬ ግን አልተዋጠለትም። ‹ብረትም ማዕድን ነው፣ ነዳጅም ማዕድን ነው፤ አንዱን ነገር ሦስቴ ጠራኸው› አለኝ። እውነቱን ነው? ሁሉንም በባዕድ ቃላቸው ልተዋቸው? ደግሞስ ማዕድን የሚባለው የሚወጣው ነገር ነው ወይስ የሚወጣበት ቦታ?»

መልስ፦ ከመጨረሻው ልጀምር። ማዕድን ሁለቱንም ነው። ቃሉ የዐረብኛው «መዕዲን» ነው። እዚያ የሚቆፈረውን ቦታ ይጠራል፣ ከቦታው የሚወጣውንም ይጠራል። ግሪኮችም ዘንድ እንዲሁ ነው። «ሜታሎን» ሲሉ መጀመሪያ ጉድጓዱን ነበር። ዛሬ ዓለም «ሜታል» የሚለው ከዚያ ጉድጓድ የወጣውን ነው። እኛ አሁን ማዕድን ስንል በአብዛኛው ዕቃውን ነው፤ ቦታውን ለመለየት «ማውጫ» ብለን እንጨምራለን። አሮጌው ትርጉም ግን ጨርሶ አልጠፋም። «ልጁ ማዕድን ላይ ይሠራል» ሲባል ድንጋይ ላይ ቆሞ የሚታየን የለም። (እግረ መንገዴን፦ «ማዕድናት» ካሉ በቂ ነው። «ማዕድናቶች» ሁለቴ ማብዛት ነው።)

አርታኢዎ ግማሽ እውነት አላቸው። ስለ ዕቃው ልክ ናቸው። ስለ ሥራው ግን ተሳስተዋል። ሦስቱ ስሞች የሦስት ዕቃዎች ስም አይደሉም። የሦስት ሥራዎች ስም ናቸው። ሥራዎቹም ቢሆኑ በአንድ ቤት ኖረው ነው የተለያዩት።

ጌኦርግ አግሪኮላ የሚባል ጀርመናዊ ሐኪም ነበር። የማዕድን ከተማ ውስጥ በሽተኛ እያከመ የሥራውን ምስጢር ሁሉ መዘገበ። መጽሐፉ የታተመው እርሱ ከሞተ ከጥቂት ወራት በኋላ፣ እ.ኤ.አ. በ1556 ነው። በዚያ መጽሐፍ ጉድጓድ መቆፈሩ፣ ውኃ ማውጣቱ፣ ማዕድኑን መፈተኑ፣ ማቅለጡ ሁሉ በአንድ ጥራዝ ተጠርዟል። የመጨረሻው ክፍል ስለ ጨው፣ ስለ ድኝና ስለ ምድር ዝፍት ሳይቀር ያወራል። እ.ኤ.አ. በ1765 በጀርመን ፍራይበርግ የተከፈተው የማዕድን አካዳሚም ቆፋሪና አቅላጭ አልለየም።

መለያየቱ በአንድ ማኅበር ስም ላይ ጥርት ብሎ ይታያል። እ.ኤ.አ. በ1871 አሜሪካ ውስጥ የተቋቋመው የማዕድን መሐንዲሶች ማኅበር መጀመሪያ ስሙ ላይ «ማዕድን» ብቻ ነበረው። በ1919 «ሜታለርጂ»፣ ማለትም የእርስዎ «ብረታ ብረት»፣ ገባበት። በ1950ዎቹ «ፔትሮሊየም»፣ ማለትም የእርስዎ «ነዳጅ»፣ ተከተለ። የእርስዎ ባለ ሦስት ክፍል ርዕስ በሰማንያ ዓመት ገደማ ውስጥ አንድ በአንድ የተለጠፈ ስም ነው ማለት ነው። ስለዚህ ሦስቱም ይቆዩ። የሚያሳስበኝ የመረጧቸው ቃላት ናቸው።

«ብረታ ብረት»ን ልውሰድ። አሠራሩ እንደ ቅጠላ ቅጠልና እንደ ጨርቃ ጨርቅ ነው፤ ብረትና ብረት የመሰለ ሁሉ ማለት ነው። መዳቡም ቆርቆሮውም ይገባበታል። ችግሩ ጆሮ ላይ ነው። «ብረታ ብረት ነው የተማርኩት» ያለ ሰው በርና መስኮት የሚበይድ ይመስለናል። ሜታለርጂ ደግሞ ከድንጋይ ውስጥ ብረቱን፣ መዳቡን፣ ወርቁን መንጥቆ ማውጣትና ጠባዩን መግራት ነው። ብየዳው ከብዙ እርምጃ በኋላ የሚመጣ ነገር ነው።

«ብረት ማቅለጥ» ብንለውስ? እዚህ ላይ ትንሽ ልቆይ፤ የምወደው ቦታ ነው። ማቅለጥ ጠጣሩን ፈሳሽ ማድረግ ነው። በረዶ ቀለጠ፣ ሰም ቀለጠ፤ ነገሩ ያው ነው፣ መልኩ ብቻ ተቀየረ። የብረት ድንጋይ ግን ብረትና ኦክስጅን ተጣብቀው ነው። ዝም ብለው ቢያቀልጡት የቀለጠ ድንጋይ ነው የሚያገኙት። ኦክስጅኑን የሚነጥቅ ሌላ ነገር ያስፈልጋል። ያ ነገር ከሰል ነው። በከሰሉ ውስጥ ያለው ካርቦን ኦክስጅኑን ይዞ በጋዝ መልክ ይበራል፣ ብረቱ ብቻውን ይቀራል። ከሰሉ እሳት ብቻ ሳይሆን መድኃኒትም ነው።

የሚገርመው ደግሞ ሌላ ነው። ብረት የሚቀልጠው በ1538 ዲግሪ ሴልሺየስ ነው። የጥንቶቹ የሸክላ ምድጃዎች በወናፍ ቢነፉም እዚያ አይደርሱም ነበር። ታዲያ ምን ቀለጠ? የቀለጠው ቆሻሻው ነው። እርሱ ቀልጦ ሲፈስ ብረቱ እንደ ስፖንጅ የተቦረቦረ ጓል ሆኖ ይቀራል። ያን ጓል እንደጋለ አውጥቶ፣ ቀጥቅጦ፣ የቀረውን ቆሻሻ ከቀዳዳዎቹ ማስወጣት የሰውየው ሥራ ነው። አማርኛ ይህንን ሰው «ቀጥቃጭ» ሲለው አልተሳሳተም።

ከሁሉ የሚሻለው ግሥ ግን ሌላ ነው፤ ማንጠር። ወርቅ ይነጠራል። «አንጥረኛ» የሚለው ስም የመጣው ከዚያው ነው። ኬሚስትሪ ስንማር «ንጥረ ነገር» የምንለውም ከዚሁ ሥር የወጣ ነው፤ ተነጥሮ ከዚያ በላይ የማይከፈል ነገር። ሜታለርጂ የሚሠራውን ሥራ ከዚህ የበለጠ የሚገልጽ ቃል አላውቅም።

ወደ «ነዳጅ» እንሂድ። ከወለደ ወላጅ፣ ከፈረደ ፈራጅ እንደሚወጣው ሁሉ ከነደደ ነዳጅ ይወጣል። የሚነድ ነገር ማለት ነው። እንግዲህ እንጨትም ከሰልም ነዳጅ ነው። ቃሉ ሰፋ። በሌላ በኩል ደግሞ ጠበበ፤ ከምድር ከሚወጣው ድፍድፍ ዘይት የሚሠራው ፕላስቲክና መንገድ ላይ የሚፈሰው ሬንጅ ለመንደድ አልተሠሩም። «ፔትሮሊየም» በላቲን የዓለት ዘይት ማለት ነው፤ የመገኛውን እንጂ የጥቅሙን ስም አልያዘም። «ናፍጣ»ም በመካከለኛው ምሥራቅ የድፍድፉ የራሱ ጥንታዊ ስም ነው። እኛ ዘንድ ሲደርስ ለአንዱ ልጅ ብቻ ተሰጠ።

«ድፍድፍ» ግን ግሩም ቃል ነው። ገና ያልተጠለለ፣ ከነአተላው ያለ ማለት ነው። ማነው ያመጣው ብዬ ብጠይቅ ደስ ባለኝ። ጣጣው ያለው ተከትሎት የመጣው ግሥ ላይ ነው፤ ድፍድፍ ካልን ዘንዳ «ማጣራት» አልን። አንባቢ በወንፊት የሚንቆረቆር ነገር ይታየዋል። ማጣሪያ የምንለው ፋብሪካ ግን ወንፊት የለውም። ድፍድፉ ወደ 350 ዲግሪ ግድም ይሞቅና አብዛኛው ተንኖ ረጅም ማማ ውስጥ ይገባል። ወደ ላይ በወጣ ቁጥር ይቀዘቅዛል። ከባዱ ታች ይቀራል፣ ናፍጣው ከፍ ይላል፣ ላምባው ከዚያ በላይ፣ ቤንዚኑ ወደ ጫፉ። በእሳት መለየት ነውና ማንጠር ቢባል ይቀርበው ነበር። አሁን ግን «ነዳጅ ማጣሪያ» ሥር ሰዷል፤ መንቀሉ አያዋጣም።

«ቁፋሮ»ንም ጽሑፍዎ ውስጥ ይጠንቀቁት። የማዕድን ቆፋሪ ጉድጓዱ ውስጥ ይገባል። የነዳጅ ጉድጓድ ውስጥ ማንም አይገባም፤ ወደ ታች በሄደ ቁጥር እየጠበበ ከአንድ ስንዝር ብዙም አይበልጥም። የሚሰረሰር ነው። መሰርሰሪያው እየተሽከረከረ ሲወርድ ተለክቶ የተበጠበጠ ጭቃ በቧንቧው ይላክለታል። ጭቃው ጥርሱን ያቀዘቅዛል፣ የተፈጨውን ድንጋይ ጠራርጎ ያወጣል፣ በክብደቱም ከታች የሚገፋውን ግፊት ይዞ ያቆያል። ስለዚህ ለነዳጅ «ስርሰራ» ቢሉ ይሻላል።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ አለኝ። እ.ኤ.አ. በ1859 ፔንሲልቫንያ ውስጥ ኤድዊን ድሬክ ያስቆፈረው ዝነኛ የነዳጅ ጉድጓድ 21 ሜትር ገደማ ጥልቀት ነበረው። የሰረሰረለት ሰው የጨው ውኃ ጉድጓድ ቆፋሪ ነው፤ ከዚያም በላይ ብረት ቀጥቃጭ ነው። ስሙ ዊልያም ስሚዝ። ስሚዝ ራሱ በቋንቋው ቀጥቃጭ ማለት ነው። የርዕስዎ ሦስት ሙያዎች አንድ ሰው ላይ አረፉ ማለት ይቻላል።

ስለ «ምህንድስና» አይጨነቁ። ከዐረብኛ የመጣ ነው፣ ሥሩም መለካት ነው። «ኢንጂነሪንግ» ብለው የሚያተርፉት ነገር የለም።

እኔ ብሆን ርዕሱን «የማዕድን ማውጣት፣ የሜታለርጂና የፔትሮሊየም ምህንድስና ዕድገት» እለው ነበር። ጽሑፉ ውስጥ ሲገቡ «ነዳጅ» እና «ድፍድፍ» እንደልብዎ ይጠቀሙ፤ ርዕስ ላይ ነው ልኩን የሚጠይቀው። አርታኢዎ «ሜታለርጂ» ባዕድ ሆነብኝ ካሉ ደግሞ «የብረታ ብረት ማንጠር» ይበሏቸው። ቢያንስ ብየዳ የመሰለው አንባቢ አይኖርም።