ያልፈታሁት ጆንያ

ሰሞኑን አንድ ወጣት የኅብረት ሥራ ባለሙያ ደውሎ፣ «ጋሼ፣ አንድ ጥማድ ያለውም አሥር ጥማድ ያለውም ድምፁ አንድ ነው። ትንሹ ገበሬ ታዲያ ስብሰባ ላይ ለምን ዝም ይላል?» አለኝ። ልመልስለት ስል አንዲት እናት ትዝ አሉኝ።

ምሥራቅ ጎጃም ነው። የኅብረት ሥራ ማህበራት አዋጅ 147/1991 ገና ትኩስ ነበር። አባል ዕጣው፣ ማለትም የገዛው ድርሻ፣ ቢበዛም ቢያንስም ድምፁ አንድ ነው የሚለውን በቃሌ እወጣዋለሁ። የገበሬዎች ኅብረት ሥራ ማህበር ሒሳብ ሠራተኛ ነበርኩ።

ሐምሌ ላይ መጋዘኑ በር ሰልፍ ነው። ማዳበሪያ ለሄክታር 100 ኪሎ ዳፕ፣ 100 ኪሎ ዩሪያ ይባል ነበር። ለአንድ ጥማድ፣ ማለትም ለሩብ ሄክታር፣ 25 ኪሎ 25 ኪሎ ይደርሳል። ጆንያው ግን 50 ኪሎ ነው። እኚህ እናት ብራቸውን በነጠላቸው ጫፍ ቋጥረው መጡ።

«ልጄ፣ ግማሽ ግማሹን ስፈርልኝ።»

«እናቴ፣ ጆንያ አንፈታም። ጎረቤት ፈልገው ለሁለት ይውሰዱ።»

ምክንያት ነበረኝ። የተፈታ ዩሪያ እርጥበት ይስባል። ቆጠራ ላይም ይጎድልብኛል። እሳቸው ቋጠሮውን ፈተው ብሩን እንደገና ቆጠሩ። መልሰው ቋጠሩና ሄዱ። ከኋላቸው የነበረው ባለ ሦስት አህያ ጭኖ ወጣ።

ሚዛኑ እኮ ከጀርባዬ ነበር! የንብረት ክፍሉ ሰውዬ መታ መታ ካላደረገው አይሠራም። ነፍሱን ይማረውና ቀልደኛ ነበር፤ «ይሄም ጉቦ ለምዷል» ይል ነበር። ጤፍ ስንረከብ በዚያው ሚዛን ኪሎ በኪሎ እንመዝናለን። ማዳበሪያ ስንሰጥ ግን ሚዛኑ ጠፋን።

ጥር ላይ እኚያው እናት ግማሽ ጆንያ ጤፍ በአህያ ጭነው በራችንን አልፈው ወደ ነጋዴው ሄዱ። ልጠራቸው አፈርኩ።

ትልልቆቹን ገበሬዎች መውቀስ ለእናንተ ይቀላል። የዩኒየኑን፣ ማለትም የማህበራቱን ኅብረት፣ መኪና የሚሞላው የእነሱ ጤፍ ነበር። ትርፍ ሲከፋፈል በዕጣቸውና በሽያጫቸው ልክ ብዙ ቢወስዱ አይከፋኝም። እነሱን ማስከፋት ማህበሩን ማፍረስ ነው ብዬ እከራከር ነበር። አሁንም እላለሁ። ግን ኮሚቴው ሁሉ ከእነሱ ሲሆን፣ ጆንያ ይፈታ የሚል ሐሳብ ከየት ይመጣል? እኔ ራሴ አላመጣሁም፤ ያውም ደመወዝ እየተከፈለኝ።

የዛሬ ልጆች ሪፖርት ላይ ጎበዞች ናችሁ። ኤክሴሉን ቀለም በቀለም ታደርጉታላችሁ። መጋዘን በር ላይ ግማሽ ቀን መቆም ግን ያታክታችኋል። ለነገሩ እኔም ስንት ዓመት ቆሜ ነው ያላየሁት።

ለልጁ፣ «መጋዘናችሁ ውስጥ የተፈታ ጆንያ አለ? ሂድና እይ» አልኩት። እስካሁን አልደወለም።