መጀመሪያ ፀሐይዋን ፈልጉ

የካርታ ሥራን ለጀመራችሁ ወጣቶች፣

የአየር ፎቶግራፍና የሳተላይት ምስል በማንበብ ያረጀሁ ሰው ነኝና፣ ከሁሉ አስቀድሜ የምለምናችሁ አንድ ነገር አለ። ምስል ስትከፍቱ የቱ ተራራ፣ የቱ ሸለቆ እንደሆነ ከመወሰናችሁ በፊት ብርሃኑ ከየት እንደመጣ ለዩ።

ይህን የተማርሁት ተሳስቼ ነው። ገና ሥራ እንደጀመርሁ የአባይን ገባሮች የውኃ መስመር ከአንድ የታኅሣሥ ምስል ላይ እንዳወጣ ታዘዝሁ። ጠዋቱን ሙሉ ሠርቼ ሳበቃ አንድ ታላቅ ባልደረባዬ አጎንብሰው ተመለከቱና «ልጄ፣ ውኃ በተራራ ጀርባ ላይ ይሄዳል?» ብለው ጠየቁኝ። መልስ ሳልሰጥ የታተመውን ምስል የላይኛው ጠርዙ ወደ ታች እንዲሆን አዙረው ከፊቴ አስቀመጡት። ለሰዓታት ረጅም ሸንተረር ሆኖ ይታየኝ የነበረው በቅጽበት ጎድጉዶ ገደል ሆነ፤ ወንዙም በሚገባው ቦታ፣ ከታች ወለሉ ላይ ተገኘ።

ዓይናችን በጠፍጣፋ ምስል ላይ ከፍታንና ጥልቀትን ከሚገምትባቸው ነገሮች ዋነኞቹ ብርሃንና ጥላ ናቸው፤ ሲገምትም ብርሃኑ ከላይ እንደመጣ አድርጎ ይወስዳል። ፀሐይም መብራትም ከራሳችን በላይ ስለሆኑ ይህ ግምት በዕለት ኑሮ እምብዛም አያሳስተንም። ስለዚህ ላይኛው ጎኑ የበራ፣ ታችኛው ጎኑ የጠቆረ ነገር ጉብታ ሆኖ ይታየናል፤ የዚህ ተቃራኒ ደግሞ ጉድጓድ።

እንግዲህ የአገራችንን ሁኔታ አስቡ። ሰማዩ ጠርቶ ጥሩ ምስል የሚገኘው በበጋ ነው፤ በበጋ ደግሞ ፀሐይ ወደ ደቡብ ታዘነብላለች። ምድርን ከሕዋ የሚያነሡት የላንድሳት ሳተላይቶች በላያችን የሚያልፉት ረፋድ ላይ፣ 4 ሰዓት ተኩል ገደማ ስለሆነ ብርሃኑ የሚመጣው ከደቡብ ምሥራቅ ነው፤ ሰሜንን ወደ ላይ ባደረገ ምስል ላይ ይህ ማለት ከታች፣ በስተቀኝ ማለት ነው። ከ1,000 ሜትር በላይ የሚጠልቀው የአባይ ሸለቆ ሰሜናዊ ግድግዳው ይበራል፣ ደቡባዊው ይጠቁራል፤ ዓይንም ሸለቆውን ተራራ ያደርገዋል። የምስሉ ጥራት ከዚህ አያድናችሁም፤ እንዲያውም ጥላው በጠራ ቁጥር ማሳሳቱ ይበረታል።

ቤት ውስጥ ሞክሩት። ገበጣ በመስኮት አጠገብ አስቀምጡና ብርሃኑ ከወዲያ ማዶ እየገባ ከላይ በስልካችሁ ፎቶ አንሡት። በፎቶው ላይ የእያንዳንዱ ጉድጓድ ወደ እናንተ የቀረበው ግድግዳ በርቶ፣ ወደ መስኮቱ የቀረበው ጠቁሮ ይታያል። ፎቶውን ላይኛው ጠርዙ ወደ ታች እንዲሆን አዙሩት፤ ጉድጓዶቹ እንደ ተደረደሩ ግማሽ ሎሚዎች ያብጣሉ። ራማቻንድራን የተባሉት ተመራማሪ በ1988 እ.ኤ.አ. ባሳተሙት ጥናት፣ ዓይን «ላይ» የሚለውን የሚለካው ከምድር ሳይሆን ከተመልካቹ ራስ አንጻር መሆኑን አሳይተዋል። ምስሉን ከማዞር ይልቅ ራሳችሁን ብትዘቀዝቁም ለውጡ ያው የሆነው ለዚህ ነው።

በኮምፒውተር የከፍታ መረጃን በጥላ ስታሳዩ ሶፍትዌሩ ብዙውን ጊዜ ብርሃኑን ከሰሜን ምዕራብ፣ ከሰሜን ጀምሮ ወደ ምሥራቅ ዞሮ በሚቆጠር በ315 ዲግሪ አቅጣጫና ከአድማስ በ45 ዲግሪ ከፍታ ያደርገዋል። ይህ ዓይን የሚፈልገው ብርሃን ነው እንጂ በዚያ ሰማይ ላይ የነበረችው ፀሐይ አይደለም፤ ለአንባቢ ሲባል የተደረገ ስለሆነ ትክክል ነው እላለሁ። ነገር ግን በዚህ አንድ ብርሃን ብቻ አትርኩ። የስምጥ ሸለቋችን ስንጥቆች በአብዛኛው ወደ ሰሜን ምሥራቅ ስለሚዘረጉ ይህ ብርሃን በጎን መትቶ አጉልቶ ያወጣቸዋል፤ ከብርሃኑ ጋር ትይዩ ሆኖ ከሰሜን ምዕራብ ወደ ደቡብ ምሥራቅ የሚሄደው ስንጥቅ ግን ሁለቱም ጎኖቹ እኩል ስለሚበሩ ይደበዝዛል፣ አንዳንዴም ፈጽሞ ይጠፋል። የሌለ መስሎን ሳንሥለው የምንቀረው እንዲህ ያለውን ነው። ብርሃኑ ከሰሜን ምሥራቅ፣ ከ45 ዲግሪ አቅጣጫ እንዲመጣ አድርጋችሁ ሁለተኛ ምስል አውጡና ጎን ለጎን ዘርጓቸው።

እኔ ዛሬም አዲስ ምስል በደረሰኝ ቁጥር አስቀድሜ የማደርገው ፀሐይዋ የነበረችበትን አቅጣጫ በጠርዙ ላይ በእርሳስ ቀስት ማመልከት ነው፤ የአቅጣጫውን ዲግሪ ከላንድሳት ምስል ጋር አብሮ በሚመጣው የመረጃ ፋይል ውስጥ ተጽፎ ታገኙታላችሁ።