ተፈናቃይ እንዴት ይቆጠራል? የጠየቃችሁኝና የመለስኩት

በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ የተፈናቃይ መረጃ ስሰበስብ ነበር። መጀመሪያ ከቦታ ቦታ እየዞርኩ ፎርም እሞላ ነበር። በኋላ ሌሎች የሞሉትን ማጣራት ሥራዬ ሆነ። ስለዚህ ሥራ ጠይቁኝ ብዬ ነበር፤ ካሰብኩት በላይ ጥያቄ መጣ። የተመሳሰሉትን አንድ ላይ አድርጌ መልሻለሁ።

ጥያቄ፦ ዜና ላይ «ይህን ያህል ሺህ ሰው ተፈናቀለ» ይባላል። ጥይት እየጮኸ ማን ቆጠራቸው? ቤት ለቤት ትሄዳላችሁ?

ቤት ለቤት አንሄድም። ጊዜውም መንገዱም አይፈቅድም። የሚያውቅ ሰው ፈልገን እንጠይቃለን። ሰዎቹ ያረፉት ትምህርት ቤት ከሆነ ርእሰ መምህሩን፣ ከመካከላቸው የተመረጠውን ኮሚቴ፣ ውሃ የሚያድለውን ልጅ እናነጋግራለን። ቀበሌ ውስጥ ከሆነ ሊቀመንበሩን፣ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛዋን፣ ቄሱን ወይም ሼኹን። ሁሉንም ለየብቻ። ስንት አባወራና እማወራ አለ? ከየት መጡ? መቼ? ነፍሰ ጡር፣ ሕፃን፣ አቅመ ደካማ ስንት ነው? ውሃ ከየት ይቀዳሉ?

መልሶቹ ከተቀራረቡ እንጽፋለን። አንዱ 300 ሌላው 900 ካለ ተመልሰን እንሄዳለን። ክፍሎቹን እንቆጥራለን፤ በአንድ ክፍል ስንት ሰው እንደሚያድር እናያለን። ቀንና ማታ ቁጥሩ አንድ አይደለም። ቀን ላይ ብዙው ሰው የቀን ሥራ ፍለጋ ወጥቷል። ስለዚህ የምንጠይቀው ስለሚያድረው ሰው ነው።

ይህን ዘዴ በሰፊው የሚጠቀምበት ዓለም አቀፉ የፍልሰት ድርጅት (አይኦኤም) ነው። እ.ኤ.አ. በ2004 ኢራቅ ውስጥ ጀመረው። በእንግሊዝኛ ምህጻሩ ዲቲኤም ይሉታል። በእኛም አገር የምትሰሟቸው አብዛኞቹ የተፈናቃይ ቁጥሮች ከዚያ የመጡ ናቸው። ግምት ናቸው፤ ግን ተጠይቆ፣ ተነጻጽሮ፣ ታይቶ የተደረሰበት ግምት ነው።

ጥያቄ፦ እኛ ከወልዲያ ወጥተን ደሴ ተመዘገብን። ከደሴ ኮምቦልቻ፣ ከኮምቦልቻ ደብረ ብርሃን። በየደረስንበት ስማችንን ጽፈዋል። እኔ ሦስት ሰው ሆኛለሁ ማለት ነው?

እህቴ፣ እንኳን በሕይወት ደረሳችሁ። የጠየቅሽው የሥራው ዋና ራስ ምታት ነው።

በነሐሴ 2013 ከራያ ቆቦና ከወልዲያ የወጣው ሕዝብ የደሴን ትምህርት ቤቶች ሞላ። እኛም ጻፍን። በጥቅምት መጨረሻ 2014 ጦርነቱ ደሴና ኮምቦልቻ ሲደርስ እነዚያው ሰዎች እንደገና ተነሡ። ያስጠጓቸው የደሴ ሰዎች ራሳቸው አብረው ተነሡ። የትናንቱ አስተናጋጅ የዛሬ ተፈናቃይ ሆነ። ደብረ ብርሃን ሲደርሱ እንደገና ተጻፉ። የደሴው ወረቀት ግን እንዳለ ነው። ሁለቱን ወረቀት የደመረ ሰው አንቺን ሁለት አድርጎ ቆጥሯል።

መፍትሔው ሁለት ነገር ነው። አንደኛ፣ እያንዳንዱ ቁጥር ቀን ይኑረው፤ አዲስ ዙር ሲመጣ የቀድሞው ይዘጋ። ሁለተኛ፣ «እዚህ ከመምጣታችሁ በፊት የት ነበራችሁ? ይህ ስንተኛ መፈናቀላችሁ ነው?» ብሎ መጠየቅ። ቀላል ይመስላል። ግን ደሴ ተይዛ እያለ ትምህርት ቤቱ ባዶ መሆኑን ሄዶ የሚያረጋግጥ አልነበረም።

እኔ ራሴ ተሳስቻለሁ። አንድ ጊዜ ሰዎቹ ለቀው የወጡበትን ቦታ ሳላስወጣ ድምሩን ላክሁ። ብርድ ልብስ በዚያ ቁጥር ተደለደለ። ሰው የጎረፈበት ከተማ ድርሻው አነሰ። የኅዳርን ውርጭ በደጋ ያሳለፈ ሰው ምን ማለት እንደሆነ ይገባዋል። ከዚያ ወዲህ ድምር ከመላኬ በፊት እያንዳንዱን ቦታ «ትናንት ማታ እዚህ ያደረ አለ?» ብዬ ሳላስጠይቅ አላልፍም።

ጥያቄ፦ በአንድ ዓመት 5 ሚሊዮን ኢትዮጵያዊ ተፈናቀለ የሚለው እውነት ነው? ያን ያህል ሰው የት አደረ?

ይህ ከላይኛው ጥያቄ ጋር አንድ ነው። መቀመጫውን ጄኔቫ ያደረገው የአገር ውስጥ መፈናቀል ክትትል ማዕከል እ.ኤ.አ. በ2021 በኢትዮጵያ በግጭት ምክንያት 5.1 ሚሊዮን መፈናቀሎችን መዝግቧል። እስከዚያ ድረስ በአንድ አገር በአንድ ዓመት እንዲህ ያለ ቁጥር ተመዝግቦ አያውቅም። ልብ በሉ፤ የተቆጠረው መፈናቀሉ ነው። ሦስት ጊዜ የሸሸች እናት እዚያ ውስጥ ሦስት ናት። በዓመቱ መጨረሻ በግጭት ተፈናቅሎ የነበረው ሰው ወደ 3.6 ሚሊዮን ነበር።

ሁለቱም ቁጥር ያስፈልጋል። አንዱ ስንት ሰው ዛሬ መጠለያ እንደሚፈልግ ይነግርሃል። ሌላው ሕዝቡ ስንት ጊዜ እንደተነቀለ ይነግርሃል። ጋዜጠኞቻችን ሁለቱን ባያቀላቅሉ ደስ ይለኛል።

ጥያቄ፦ ሰላም ከተፈረመ በኋላ ቁጥሩ ጨመረ እንጂ አልቀነሰም። ማጭበርበር አይደለም?

አይደለም። በጦርነቱ ጊዜ ወደ ትግራይ መግባት ባለመቻሉ የአገር አቀፉ ድምር ትግራይን ሳይጨምር ይወጣ ነበር። በ2014 መጨረሻ አካባቢ ድምሩ ወደ 2.7 ሚሊዮን ነበር። ጥቅምት 23፣ 2015 ፕሪቶሪያ ላይ ስምምነቱ ተፈረመ። መንገድ ሲከፈት ቆጣሪዎች ገቡ። በ2015 የወጣው ድምር ወደ 4.4 ሚሊዮን ተጠጋ፤ ከዚህ ውስጥ ከ1 ሚሊዮን በላይ የሚሆነው ትግራይ ውስጥ ነው። እነዚህ የትግራይ ሰዎች ያን ጊዜ አልተፈናቀሉም። ያን ጊዜ ታዩ።

ስለዚህ ቁጥር ስታዩ «የትኛው ወረዳ አልገባበትም?» ብላችሁ ጠይቁ። ባዶ ቦታ ሁልጊዜ ሰላም ማለት አይደለም።

ጥያቄ፦ ዘመኑ የስልክና የሳተላይት ነው። ለምን በሰው እግር?

ስልክ ይረዳል። እ.ኤ.አ. በ2010 ሄይቲ ላይ የመሬት መንቀጥቀጥ ሲደርስ ተመራማሪዎች ወደ 2 ሚሊዮን የሚጠጋ ሲም ካርድ እንቅስቃሴ አይተው ከዋና ከተማዋ የወጣው ሰው ወዴት እንደሄደ ገምተዋል። ስም አያስፈልግም፤ ሲም ካርዱ ትናንት በየትኛው አንቴና ስር እንደነበረና ዛሬ የት እንዳለ ማወቅ ይበቃል።

ጦርነት ላይ ግን መጀመሪያ የሚቋረጠው ኔትወርክ ነው። ትግራይ ውስጥ ስልክ ለረጅም ጊዜ ተቋርጦ ነበር። ደግሞም የገጠር እናት ስልክ የላትም፤ አንድ ስልክ ለአንድ ቤተሰብ፣ አንዳንዴም ለአንድ መንደር ነው። በመብራት እጦት የጠፋ ስልክ ደግሞ ባለቤቱ የጠፋ ያስመስላል።

ሳተላይት የተቃጠለ ቤትና አዲስ የተተከለ ድንኳን ያሳያል። ትምህርት ቤት ጣሪያ ስር ያለውን ሰው አያሳይም። የእኛ ሰው ደግሞ በብዛት ያለው ጣሪያ ስር ነው።

ከሁሉ ቀድሞ የሚያውቀው ሹፌር ነው። መናኸሪያና ኬላ ላይ ቆመን ያለፈውን መኪና እንቆጥራለን፤ ሹፌሩንና ተሳፋሪውን ከየት ወዴት ብለን እንጠይቃለን። አይሱዙ ላይ ፍራሽና ፍየል ተጭኖ ከመጣ ሰዎቹ አስበውበት ወጥተዋል። ሕፃን አዝለው ባዶ እጃቸውን በእግር ከመጡ ግን ሌሊት ነው የሸሹት፤ ከኋላ ሌላ ሰው አለ ማለት ነው። የትራንስፖርት ዋጋ ድንገት ከጨመረም ነገር አለ።

ጥያቄ፦ እኔ ቤት 11 ሰው ተጠግቶ ነበር፤ የአክስቴ ቤተሰብ። ማንም መጥቶ አልጠየቀንም።

ይህን ጥያቄ ስጠብቅ ነበር፤ ከሁሉም በላይ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው።

ካሜራ የሚሄደው ወደ መጠለያ ነው። ብዙው ተፈናቃይ ግን ያለው ዘመድ ቤት፣ የአበልጅ ቤት፣ ኪራይ ቤት ነው። ዘመድ ቤት ያለ ሰው «ተፈናቃይ ነኝ» ማለት ያፍራል። ባለቤቱም «እንግዳዬን ላስመዝግብ» ማለት ነውር ይመስለዋል። ለአራት ሰው የተጋገረ እንጀራ ለ15 ይካፈላል። ከሦስት ወር በኋላ አስጠጊውም ደህይቷል። ግን ወረቀት ላይ አንዳቸውም የሉም።

እነዚህን ለማግኘት እኔ የሞከርኩት ወደ እድር መሄድ ነበር። የእድር ዳኛ የየቤቱን እንግዳ ያውቃል። ወፍጮ ቤትም ያውቃል፤ በሳምንት አንዴ ትመጣ የነበረች ሴት ሁለቴ ከመጣች ቤቷ ሰው አለ። ይህን በፎርማችን ላይ እንደ ምንጭ እንዲገባ ብዙ ተከራክሬያለሁ፤ አሁንም እከራከራለሁ። አንተም ዝም አትበል። ቀበሌህ ሄደህ አስመዝግባቸው። ነውር የለበትም።

ጥያቄ፦ ባለሥልጣን ቁጥር ያሳብጣል፣ ሌላው ይደብቃል ይባላል። እውነት ነው?

ሁለቱም ይሆናል። እርዳታ በቁጥር ስለሚመጣ ማሳበጥ አለ። «ሁሉ ነገር ተረጋግቷል» ለማለት መቀነስም አለ። ዋጋውን የሚከፍለው ግን ተፈናቃዩ ነው። እ.ኤ.አ. በ2023 እህል ወደ ገበያ እየወጣ መሆኑ ሲታወቅ የአሜሪካ የተራድኦ ድርጅትና የዓለም ምግብ ፕሮግራም መጀመሪያ በትግራይ፣ በሰኔ ደግሞ በመላ አገሪቱ የምግብ እርዳታ አቋረጡ። የእርዳታ ዝርዝሩ ሁሉ እንደገና እስኪጣራ ወራት ፈጀ። እህሉን ያልነካች እናት ጦሟን አደረች።

ጥያቄ፦ መረጃው ክፉ እጅ ቢገባስ?

ሊገባ ይችላል ብዬ ነው የምሠራው። የእኛ ፎርም ላይ የሰው ስም የለም፤ የቦታና የቁጥር መረጃ ብቻ ነው። ብሔርም አንጠይቅም። ስም የሚጻፈው ለእርዳታ እህል ሲመዘገቡ ነው፤ እሱ ሌላ ሥራ ነው፣ ጥበቃውም ሌላ ነው። ጥቂት ሰዎች ብቻ የተደበቁበትን ቦታ ካርታ ላይ አናወጣም። ኬላ ላይ ስልክ ይፈተሻል። ስለዚህ የሞላነውን ልከን ወዲያው ከስልካችን እናጠፋለን። ስልክ ላይ የሰዎችን ፎቶ መያዝ በቡድኔ ክልክል ነበር።

ጥያቄ፦ ተፈናቃይና ስደተኛ ልዩነቱ ምንድን ነው?

ድንበር። በ2013 ሁመራ አካባቢ ለቆ ሱዳን ሐምዳይት የገባው ስደተኛ ነው። ሽረ የገባው ተፈናቃይ ነው። ስደተኛው ዓለም አቀፍ ስምምነት አለው፤ ተፈናቃዩ ግን በራሱ መንግሥት እጅ ነው። ለእሱ በአፍሪካ የካምፓላ ስምምነት አለ። እ.ኤ.አ. በ2009 ጸድቆ በ2012 ሥራ ላይ ዋለ፤ ኢትዮጵያም በእኛ አቆጣጠር በ2012 ዓ.ም. በአዋጅ ተቀብላዋለች።

ጥያቄ፦ መተማ ነው የምኖረው። የሱዳኑን ጦርነት እንዴት ይከታተላሉ?

በብዛት በስልክ፣ በየከተማው ባሉ የሚያውቁ ሰዎች በኩል። እ.ኤ.አ. በየካቲት 2024 ኔትወርክ በአብዛኛው አገሪቱ ሲቋረጥ ያ ራሱ ትልቅ ፈተና ነበር። በ2025 መጀመሪያ የተፈናቃዩ ብዛት ከ11 ሚሊዮን በላይ ነበር። በሚያዝያ 2025 ዳርፉር ውስጥ ያለው የዛምዛም የተፈናቃዮች መጠለያ ሲጠቃ በጥቂት ቀናት እስከ 400 ሺህ የሚደርስ ሰው ተበተነ፤ ብዙው ወደ ጣዊላ ከተማ ሄደ። ሸሽተው የተጠለሉበትን መጠለያ ደግሞ በጥይት መሸሽ! ከወልዲያ የወጣችው እህታችን ታሪክ፣ በብዙ እጥፍ።

ጥያቄ፦ ከ2013 ጀምሮ ሽረ ትምህርት ቤት ውስጥ ነን። ልጄ እዚሁ ተወልዳ አድጋለች። እሷም ተፈናቃይ ናት? መቼ ነው የሚያበቃው?

ወንድሜ፣ ልጅህ ትቆጠራለች፤ መቆጠርም አለባት። መፈናቀል በዓመት ብዛት አያበቃም። ወደ ቤት በመመለስ፣ ባሉበት በመኖር ወይም ሌላ ቦታ በመስፈር ነው የሚያበቃው። ያም ሲሆን በመፈናቀሉ ምክንያት የመጣው ችግር ሲቀረፍ ብቻ ነው። አውቶቡስ ላይ አሳፍሮ «ተመላሽ» ብሎ መጻፍ አይበቃም። የተመለሰው ሰው ከስድስት ወር በኋላ የት እንዳለ መጠየቅ አለበት።

እናንተ ላይ የደረሰውን በሥራዬ አይቻለሁ። እኛ የምንሮጠው የሚንቀሳቀሰው ሕዝብ ወዳለበት ነው። አንድ ቦታ ላይ ዓመታት የቆየ ቁጥር በየዙሩ ተመሳሳይ ስለሆነ ዓይን ይለምደዋል። ይህ የእኛ ጥፋት ነው፤ አንተን ይቅርታ እጠይቃለሁ።

ጥያቄ፦ እናቴን ከኮምቦልቻ ስንወጣ ጠፍታብኛለች። እናንተ ዘንድ ስሟ ይኖራል?

እኛ ዘንድ አይኖርም፤ ስም እንደማንጽፍ ብያለሁ። ሂድ ወደ ቀይ መስቀል። የኢትዮጵያ ቀይ መስቀል ማኅበርና ዓለም አቀፉ የቀይ መስቀል ኮሚቴ የጠፋ ቤተሰብ ያፈላልጋሉ፤ ክፍያ የለውም። በአቅራቢያህ ያለውን ቅርንጫፍ ጠይቅ። ስትሄድ ስሟን እስከ አያት ያዝ። የተወለደችበትን መንደርና የቤተ ክርስቲያኑን ወይም የመስጊዱን ስም ንገራቸው። መጨረሻ የታየችበትን ቦታና ቀን፣ አብሯት የነበረውን ሰውም። አንድ ዓይነት ስም ያላቸው ብዙ እናቶች አሉ። ጎረቤት የሚጠራት በልጅ ስም ከሆነ፣ «የእገሌ እናት» እየተባለች ከሆነ፣ ያንንም አስጽፍ። መጠለያ ውስጥ ሰው የሚጠራራው በዚያ ስም ነው።